«ንባብ» የተባለው ፎልደር

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ዝናቡ አባርቶ ጭጋጉ ግን ከጣሪያዎቹ ላይ ገና አልተነሣም።

በሩ ሲንኳኳ አራሚው ከኋላ ክፍል፣ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ ነበር። እንግዳ አልጠራም። ማዳመጫውን ከጆሮው አወለቀ፤ ገመዱን ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ አስገባ፤ መሳቢያውን ቆለፈ። ወደ ኮሪደሩ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሚስቱ ቀድማው በሩን ከፍታለች። ደጃፉ ላይ ጫማውን የሚጠርገው የእሷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ኮምፒዩተር ጠጋኙ፤ አፉን በከፈተ ቁጥር «ቆይ» ስለሚል ቤተሰቡ ሁሉ «ቆይ-ቆይ» የሚለው።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደኅና። ማን ጠራህ?»

«ቆይ፣ እስቲ መጀመሪያ ልግባ።»

«ግባ። ማን ጠራህ?»

ቆይ-ቆይ እህቱን አየ። እህቱ ጃንጥላውን ተቀብላ ወደ ጥግ ዞረች። ጃንጥላ ለማስቀመጥ ያን ያህል መዞር አያስፈልግም ነበር።

«ኮምፒዩተራችሁ አርጅቷል» አለ ቆይ-ቆይ። «የድሮውን ሲስተም የሠሩት ሰዎች ከእንግዲህ አንጠብቀውም ብለዋል። ቀዳዳ ቢገኝበት የሚደፍነው የለም። ስለዚህ አዲሱን ልጭንላችሁ ነው። ደግሞ ዝም ብሎ አይጫንም፤ ማሽኑ መጀመሪያ መዘጋጀት አለበት።»

«የኛ ኮምፒዩተር የድሮ ሲስተም እንዳለው በምን አወቅህ? እዚህ ቤት ከመጣህ ስንት ጊዜህ።»

«ቆይ ጋሼ፣ እህቴ ቤት ነው ወይስ ፖሊስ ጣቢያ የገባሁት?»

የሚስቱ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ሳቋ እንዲህ ነው፤ ድምፅ የለውም።

ድምፅ የነበራት ጊዜ አለ። ባልና ሚስቱ የተገናኙት ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው፤ እሷ አንባቢ፣ እሱ አራሚ ሆነው። ሥራው የሁለት ሰው ሥራ ነው፦ አንባቢዋ የደራሲውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነባለች፤ አራሚው ለኅትመት በፊደል የተለቀመውን ገጽ ከፊቱ ዘርግቶ፣ ከየመስመሩ ሥር ማስመሪያ እያስጠጋ ይከተላታል። ነጥቡም ሳይቀር ይነበባል። «ሴትዮዋ ወጣች ነጠላ ሰረዝ በሩንም አልዘጋችውም አራት ነጥብ።» ለለቅሶውም ለቀልዱም ድምፅዋ አንድ ነበር። አንባቢ ድምፅዋን ከለዋወጠች አራሚው ታሪኩን መስማት ይጀምራል፤ ታሪክ የሚሰማ አራሚ ደግሞ ስህተት ያሳልፋል። በኋላ ሥራውን ወደ ቤት ባመጡት ጊዜ፣ እሷ ንባቧን በኮምፒዩተሩ ላይ ትቀዳለች፤ እሱ በሚመቸው ሰዓት ያርማል። መጽሐፉ ሲታተም ቅጂውን ማጥፋት ነበረባቸው፤ ነገ ዛሬ ሲሉ ሳያጠፉት ቀሩ። ከዚያ ጉሮሮዋ ታመመ። ሐኪሞቹ ሕይወቷን አተረፉ፤ ድምፅዋን ግን ከዕጢው ጋር አወጡት። አሁን የምትናገረው ከአንገቷ ባንጠለጠለችው ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ነው። ስትቸኩል በጣቷ አጥንት ታንኳኳለች።

አራሚው በየቀኑ ከምሳ በኋላ የኋላ ክፍሉን በር ይዘጋል። ለሚስቱ «የድሮ ሥራ አስተካክላለሁ» ብሏታል። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ታትመው ተሸጠው ያለቁትን መጻሕፍት በእሷ ድምፅ ዳግመኛ ያርማል። እንደማታውቅ እርግጠኛ ነበር። ድምፅዋ ከዚያ ማሽን በቀር የቀረበት ቦታ በዓለም ላይ የለም።

እንግዲህ ያልተጠራ ሰው፣ ያን ማሽን ሊከፍት ከረጢት ተሸክሞ መጥቷል።

አራሚ የተጻፈውን ብቻ አያይም፤ የጎደለውንም ያያል። አራሚው ከሰሞኑ ያስተዋላቸው ነገሮች ነበሩ። ሚስቱ ስልኳ ላይ ስትጽፍ እሱ ሲገባ ስልኩን ትደፋዋለች። ግራ እጇ አንጓ ላይ ፋሻ ተጠምጥሟል። «ቁም ሣጥን መታኝ» ብላ ጽፋለታለች። ቁም ሣጥን የሚመታው የእጅን ጀርባ ነው፤ የእሷ ያበጠው ግን በመዳፏ በኩል ነው። ይህንንም በሆዱ ይዞ ቆይቷል።

ቆይ-ቆይ ማሽኑን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ አወጣው፤ የጎኑን ክዳን በመፍቻ ፈታ።

«ወይ ጉድ! ጋሼ፣ ይሄ አቧራ እኮ ኪራይ መክፈል አለበት።»

አራሚው ወንበሩን አስጠግቶ ጉልበቱ ከጠጋኙ ትከሻ ጋር እስኪነካካ ድረስ ቀረበ። በእጁ የሥራ ማስመሪያውን ይዟል።

«የምትነካውን ሁሉ ስሙን እየጠራህ ንካ።»

«እሺ። ይሄ አቧራ።» በብሩሽ ጠረገው። «ይሄ ማራገቢያ። ይሄ ደግሞ ራም ይባላል፤ አዲሱን ሲስተም እንዲሸከም አንድ እጨምርለታለሁ።»

«ያኛውስ?»

«እሱ ሃርድ ዲስኩ ነው። ያላችሁ ነገር ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።»

«እጅህን አንሣ።»

«ቆይ፣ አልነካሁትም!»

«ሳትነካው አንሣ።»

ራሙ ገባ። ክዳኑ ተገጠመ። ማሽኑ ሲነሣ ቆይ-ቆይ አንዱን ቁልፍ ደጋግሞ ተጭኖ ሰማያዊ ገጽ አመጣ፤ አዲሱ ሲስተም የሚጠይቀው የደኅንነት ቺፕ በዚህ በኩል መከፈት እንዳለበት አስረዳ። ከዚያ በኋላ መልእክቶቹ መምጣት ጀመሩ። ቆይ-ቆይ በመጣ ቁጥር «እሺ» የሚለውን ሊጫን ይቸኩላል፤ አራሚው ማስመሪያውን ስክሪኑ ላይ አስደግፎ ያስቆመዋል።

«የዚህ ማሽን ብቃት ተመርምሯል አራት ነጥብ» አነበበ። «ከመቀጠልዎ በፊት ነጠላ ሰረዝ አላስፈላጊ ፕሮግራሞችን ያስወግዱ አራት ነጥብ።»

«ጋሼ፣ ይሄን እኮ በዓለም ላይ ማንም አያነበውም።»

«የጻፈው ሰው ይህን ያውቃል» አለ አራሚው።

የማይሠሩትን ፕሮግራሞች አንድ በአንድ አወጡ። ከድሮ ፕሪንተር ጋር የመጣ ነበር፤ ፕሪንተሩ ከተጣለ ቆይቷል። ማን እንዳመጣው የማይታወቅ የቼዝ ጨዋታም ነበር። ሁሉም ሲወጡ እንኳ ቦታው አልበቃም።

«ዲስኩ ጢም ብሏል» አለ ቆይ-ቆይ። በስክሪኑ ላይ ፎልደሮቹን በግዝፈታቸው ደረደረ። ከሁሉም በላይ አንድ ፎልደር ተቀመጠ፤ ሌሎቹ ተደምረው አያክሉትም። ስሙ «ንባብ» ይላል።

አራሚው ጠበቀ። ማንም ጠጋኝ እንዲህ ያለ ፎልደር ሲያይ «ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ቆይ-ቆይ ስለ ቼዙ ጠይቋል፤ ስለ ፕሪንተሩ ጠይቋል። ስለዚህኛው ግን ትንፍሽ አላለም። ዓይኑን ከስሙ ላይ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ወረወረው።

«ጋሼ፣ ይሄ ጊዜ የሚወስድ ነገር ነው። ሳሎን አረፍ ይበሉ፤ ሲያልቅ እጠራዎታለሁ።»

«እዚህም አርፌያለሁ።»

«ወገብዎን ያምዎታል ብዬ ነው።»

«ወገቤ እሺ ብሏል። ቀጥል።»

ቆይ-ቆይ ከከረጢቱ አንድ ተንቀሳቃሽ ዲስክ አወጣ። ደንቡ ይህ ነው፤ አዲስ ሲስተም ከመጫኑ በፊት የቤቱ ሀብት ሁሉ ወደ ሌላ ዲስክ ይቀዳል፤ ምክንያቱም ሥራው መሃል ላይ ቢበላሽ የሚያድነው ቅጂው ብቻ ነው። ፎቶዎቹ፣ ደብዳቤዎቹ፣ የታረሙት ገጾች መቀዳት ጀመሩ። አረንጓዴው መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ተሳበ። ከግድግዳው ወዲያ፣ ከኩሽናው፣ የሰሃን ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ቆመ። ቆይ-ቆይ መስመሩ ሞልቶ እንዳለቀ «ተፈጸመ» ብሎ ገመዱን ሊነቅል እጁን ዘረጋ።

«ተው» አለ አራሚው። «ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አምጣልኝ።»

«ለምን?»

«ዋናውን ከቅጂው ጋር ሳላመሳክር አሳልፌ አላውቅም። ላንተ ብዬ ነው አሁን የምጀምረው?»

ዝርዝሮቹ ጎን ለጎን መጡ። ማስመሪያው ከላይ ወደ ታች ወረደ፤ በግራ ያለው በቀኝ አለ፣ በግራ ያለው በቀኝ አለ። ከዚያ ቆመ።

«አንድ ወድቋል።»

«ምን ወደቀ?»

«ንባብ።»

«ቆይ…»

«ቆየሁ።»

የቆይ-ቆይ ግንባር ላይ ላብ ችፍ አለ። «በጣም ትልቅ ስለሆነ ነው ጋሼ። ይሄ ዲስክ አይችለውም።»

አራሚው ማስመሪያውን ከስክሪኑ ግርጌ አስጠጋው። በዲስኩ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ እዚያ ተጽፏል፤ ፎልደሩን ውጦ ሌላ የሚጨምር ነው።

«ይህን አንብብልኝ።»

ቆይ-ቆይ ከረጢቱን ወደ ራሱ ሳበ።

«ሌባ አልልህም» አለ አራሚው። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሌባ ቢሆን ይዞ ይሄዳል። አንተ ግን ትተኸው ልትሄድ ነው የመጣኸው። አዲሱ ሲስተም ይገባል፤ አሮጌው ይጠረጋል፤ ‹ውይ ጋሼ፣ ማሽኑ በላው› ትለኛለህ። እንደዚህ አልነበረም?»

«እኔ ምን ቸገረኝና ጋሼ…»

«እሱን ነው የምጠይቅህ። አንተን ምንም አይቸግርህም። የቸገረው ማን ነው?»

ቆይ-ቆይ ፊቱን በሁለት እጁ አበሰ። ከሕፃንነቱ ያሳደገችው እህቱ ናት፤ ለጋሼም ውሸት አይሆንለትም።

«ቆይ፣ ከኔ አፍ አይስሙት። አንድ ነገር ብቻ ላሳይዎት። ማዳመጫዎን ያውጡ።»

«የምን ማዳመጫ?»

«ጋሼ።»

አራሚው ኪሱን ዳበሰ፤ መሳቢያውን ከፈተ። ቆይ-ቆይ ማዳመጫውን ተቀብሎ በማሽኑ ፊት ለፊት ባለው ቀዳዳ ሰካው፤ በአክብሮት፣ ባርኔጣ እንደሚያደርግለት፣ የአራሚው ጆሮ ላይ አደረገለት። ከ«ንባብ» ውስጥ አንዱን ፋይል ከፈተ። ድምፅዋ መጣ፤ ጥርት ያለ፣ የማይለዋወጥ። *ነጋዴው ገባ ነጠላ ሰረዝ ኮቱን አወለቀ ነጠላ ሰረዝ*

ቆይ-ቆይ ማዳመጫውን ከጆሮው ቀስ ብሎ አነሣለት።

ድምፁ አልቆመም። *ወንበር አልሰጡትም አራት ነጥብ።* የሚመጣው ከመደርደሪያው ላይ፣ ከመጻሕፍቱ ኋላ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ካዞሩት ከሁለቱ አሮጌ ስፒከሮች ነበር።

«ማዳመጫ ሲሰካ ስፒከሩ መዘጋት ነበረበት» አለ ቆይ-ቆይ። «የፊተኛው መሰኪያ ሽቦው ተላቋል፤ አይዘጋውም። እርስዎ ጆሮዎ ተሸፍኗል፤ በምን ይሰማሉ? ግን ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ማን ነው ያለው?»

ከግድግዳው ወዲያ ኩሽናው ነው። ከምሳ በኋላ ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትሰፋለች። ወንበሯ ግድግዳውን ተደግፎ ነው የቆመው።

አራሚው ፋይሉን ለመዝጋት ማውሱን ያዘ፤ ቀስቱ ቶሎ አልታዘዘውም። *ነጋዴውም ቆሞ ቀረ አራት ነጥብ።*

የበሩ መቃን ተንኳኳ። ሚስቱ ቆማለች። ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ ይዛለች፤ የጻፈችው እዚያ ኩሽና ውስጥ ነው፤ ቀለሙ ደርቋል።

*ያቺን ሴትዮ ከቤቴ አስወጡልኝ።*

አራሚው አራት ነጥቡን ፈለገ። በቦታው ነበር።

«የቷ ሴትዮ?» አለ። «ያቺ ሴትዮ አንቺ ነሽ።»

በእጅጌዋ ሰሌዳውን አበሰች። *አይደለሁም። እሷ ስትናገር ትሰማለህ። እኔ ሳንኳኳ አትሰማም።*

«መቼ አንኳኳሽና?»

ፋሻ የተጠመጠመበትን እጇን ከፍ አደረገች፤ መዳፏን ወደ እሱ አዞረች።

አራሚው መዳፉን አየ። ሰው ሲወድቅ የሚመክተው በመዳፉ ነው። ቁም ሣጥን እንዳልሆነ ያኔውኑ አውቋል፤ ከዚያ ወዲያ ግን ያሰበው ሌላ ሌላውን ነው፦ ማንን አገኘች፣ የት ሄደች፣ ምን ትደብቀኛለች። መውደቅን አላሰበም።

«መታጠቢያ ቤት ተንሸራታ ነው» አለ ቆይ-ቆይ፤ ለወለሉ እንደሚነግረው። «ቧንቧውን በሳሙና ማስቀመጫው ስትደበድብ ቆየች። እርስዎ እዚህ ነበሩ። በኋላ ራሷ ተነሣች።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

እህትየው ወንድሟን ገፋ አድርጋ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች፤ ሰሌዳውን አስደግፋ ጻፈች። *ብነግርህስ ታምናለህ?* የጥያቄ ምልክቱን ደገመችበት።

አራሚው ወደ ደካማው፣ ወደ ቆይ-ቆይ ዞረ። «አንተም እሺ ብለህ መጣህ!»

«ቆይ፣ መጀመሪያ እምቢ ብያለሁ።»

እህቱ ቀና ብላ አየችው።

«በኋላ እሺ ብያለሁ» አለ ቆይ-ቆይ።

ማራገቢያው ያንጎራጉራል። አራሚው ማስመሪያውን በጉልበቱ ላይ አስተኛው፤ አነሣው፤ እንደገና አስተኛው።

«እኔ ሌላ የለኝም» አለ በመጨረሻ። «ይህ ከጠፋ የትም የለም። ከሱቅ አይገዛ፣ ዳግም አይቀዳ። አንድ ቅጂ ነው ያለው፤ ይገባሻል? አንድ።»

ሚስቱ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አልፈጀባትም።

*የማን ድምፅ?*

አፉን ከፈተ። «የኔ» ሊል የነበረውን ራሱ ሰማውና ተወው።

«ያንቺ» አለ።

የታመመውን እጇን ዘረጋችለት። መዳፏን ወደ ላይ አዙራ፣ ስጠኝ እንደማለት ያዘችው።

አራሚው ማዳመጫውን ከማሽኑ ነቀለ። «ቅዳው» አለው ቆይ-ቆይን። «ሙሉውን፤ አንድም ሳይወድቅ። ለብቻው በሆነ ዲስክ፤ ከዚህኛው ጋር አይቀላቀል።»

«ሁለተኛ ዲስክ ይዣለሁ።»

«ይዘህ እንደመጣህ አውቃለሁ። ከረጢትህን ስትከፍት አይቻለሁ።»

አረንጓዴው መስመር እንደገና ተነሣ፤ በዚህ ጊዜ ዘገየ። ሦስቱም ተቀመጡ፤ እሷ ጥጉ ላይ ካለው ትርፍ አልጋ ጫፍ፣ ወንድሟ ከወለሉ ላይ። ማንም ስለ ንባቡ አልተናገረም። ቆይ-ቆይ አንዴ «ቼዙ ግን የማን ነበር?» አለ፤ ሚስቱ በጣቷ ወደ ባሏ አመለከተች፤ ባሏ «ሐሰት» አለ፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። መስመሩ ሲሞላ አራሚው ሁለቱን ዝርዝር ጎን ለጎን አስደርጎ ከላይ እስከ ታች አመሳከረ። አንድም አልወደቀም።

ቀጥሎ ዋናው ከማሽኑ ላይ መጥፋት ነበረበት፤ ካልጠፋ አዲሱ ሲስተም ቦታ የለውም። ቆይ-ቆይ ትእዛዙን ሰጠ። አራት ማዕዘን መልእክት ብቅ አለ። እጁን ከማውሱ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ አለ።

አራሚው ማስመሪያውን ከጽሑፉ ሥር አስጠጋ። ሚስቱ ተነሥታ ከጎኑ ቆመች።

«የተመረጠውን ፎልደር እስከ መጨረሻው ማጥፋት ይፈልጋሉ» ብሎ አነበበ፤ ቆመ።

ሚስቱ ጠረጴዛውን አንኳኳች።

«ጥያቄ ምልክት» አለ። ወደ ታች ወረደ። «ይህን ካደረጉ በኋላ መመለስ አይቻልም።»

አንኳኳች።

«አራት ነጥብ» አለ፤ ተጫነውም።

ዲስኩን ከገመዱ ነቅሎ መዳፏ ላይ ያስቀመጠው እሱ ራሱ ነው። ፋሻው ላይ እንዳይጫን በጠርዙ በኩል አስቀመጠው። ጣቶቿን አጠፈች፤ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

አዲሱ ሲስተም መጫን ጀመረ። ቆይ-ቆይ መደርደሪያው ላይ ተንጠራርቶ ስፒከሮቹን አወረደ፤ ገመዳቸውን ጠቅልሎ ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። ከኩሽናው መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ። ከመኝታ ቤቱ ቁም ሣጥን ተንጓጓ። ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱ በር፤ ከዚያ እንደገና የኩሽናው መሳቢያ። አራሚው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ለአንድ ዲስክ ብዙ መሳቢያ ነው።

«ጋሼ፣ እንዳይፈልጉት።»

«ማን ይፈልገዋል?»

«ቆይ፣ ጆሮዎ እኮ ቆሟል።»

«አንተ ሥራህን ሥራ።»

ማሽኑ ጠፍቶ በራ፤ ጠፍቶ በራ። ጨለማው ስክሪን ላይ ነጫጭ ነጥቦች ክብ ሠርተው ሲዞሩ፣ ከኩሽናው ግድግዳ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ቆይ-ቆይ ገና ቀና ሳይል አራሚው ወንበሩን ገፍቶ ተነሥቶ ነበር። ማስመሪያው ከጉልበቱ ላይ ወደቀ። ቆሞ አላነሣውም።

ኩሽናው ውስጥ ሚስቱ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ሰሌዳዋ ባዶ ነው። መርፌና ክሯን ይዛለች፤ ምንም የቸገራት ነገር አይታይም።

«ምን ፈለግሽ?»

ራሷን ነቀነቀች፤ ምንም።

«ታዲያ ለምን አንኳኳሽ?»

ሰሌዳዋን አነሣች። *የት እንደደበቅሁት እንዳትሰማ ብዬ።* ጻፈችው፤ ወዲያው አበሰችው።

አራሚው ወንበር ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ። ዓይኑ አንድ ጊዜ ወደ መሳቢያው ሄደ፤ አየችው።

አዲሱ ሲስተም ሳይመሽ ሥራ ጀመረ። ዲስኩ የት እንደተቀመጠ ከሚስቱ በቀር የሚያውቅ የለም።